የሌሉት አሥራ ሁለት ጫጩቶች

እኔ በኖርኩበት ከተማ ሰው የሚያገባው ዶሮ ሲደርስለት ነበር። ቀልድ አይደለም፤ ሕጉ ነው። አንዲት ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ አንዲት ቄብ ታቅፋ መውጣት አለባት። ቄቧ በዚያው ዓመት በከተማው የጋራ በረት የተፈለፈለች፣ ገና እንቁላል ያልጣለች፣ በሚዛን ላይም የሙሽራ ድንጋይ የሚባለውን ድንጋይ የምታነሣ መሆን ይኖርባታል። ካላነሣች ሠርግ የለም። ሕጉ ለምን እንደወጣ የሚያውቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አንዳንዱ “ዶሮ ማሳደግ ያቃተው ልጅ እንዴት ያሳድጋል?” ይላል። ሌላው “ሕግ ነዋ!” ይላል። የሚበዛው ይኸኛው ነው።

ድንጋዩን የምጠብቀውና ሚዛኑን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ንጋቱ እባላለሁ። ከእኔ በፊት አባቴ፣ ከእሱ በፊት ደግሞ የአባቴ አጎት ይዞት ነበር። ሥራው ቀላል ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ገበያው መሀል ሚዛን ይሰቀላል። በአንዱ ጎን ድንጋዩ፣ በሌላው ጎን ቄቧ በቅርጫት ትቀመጣለች። የቄቧ ጎን ዝቅ ሲል እኔ “አነሣች!” እላለሁ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። የዓመት ድካሜ ይኼው ነበር።

በአባቴ ዘመን ጫጩቶቹን ማንም አይቀልባቸውም። ጠዋት በረቱ ይከፈታል፤ እናቶቻቸውን ተከትለው ይወጣሉ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የፈሰሰ እህል ይለቅማሉ፣ የበሰበሰ ግንድ ሥር ምስጥ ይጭራሉ፣ ከብት ካደረበት ትል ያወጣሉ፤ ሲመሽ ተመልሰው ቆጥ ላይ ይሰፍራሉ። ጭልፊት የሚወስደውን ይወስዳል። የተረፉት በሚዛን ቀን ደርሰው ይገኛሉ።

አንድ ዓመት ግን ምክር ቤቱ ተሰበሰበና “የሙሽሮቻችን ቄቦች እበት ላይ ትል እየለቀሙ ማደጋቸው ለክብራችን አይመጥንም” ሲል ወሰነ። ጫጩቶቹ ተዘጉ። ቀለባቸውን የሚወስኑ ሁለት ቤቶችም ተቋቋሙ።

አንደኛው የጉልበት ቤት ነው። ሹሙ አቶ ጥጋቡ ይባላሉ፤ ወንበራቸው በልካቸው የተሠራ፣ ደረጃ ሲወጡ መሀል ላይ አረፍ የሚሉ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የገንቢ ቤት ነው። ሹሙ አቶ አጥናፉ ይባላሉ፤ የቤቱን ስም ያየ ሁሉ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሊጠይቅ እየመጣ መከራቸውን አበላቸው እንጂ እሳቸው የሚገነቡት ሥጋና ላባ ነበር። ጉልበት ማለት በቆሎ ነው። ገንቢ ማለት ደግሞ ባቄላ፣ ደርቆ የተፈጨ ደም፣ ከሁሉም በላይ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ ነው።

ሁለቱ ሹማምንት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱ ምግቦች ባንድ ዕቃ ውስጥ መገናኘት የለባቸውም። ከተገናኙ ጫጩቱ ያደገው በማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ዓመት ለጉልበት ቤት ደረሰ። በቆሎ ጠዋት፣ በቆሎ ቀትር፣ በቆሎ ማታ። ጫጩቶቹ ክብ ክብ አሉ። አጥንታቸው ሳያድግ ሆዳቸው ጮማ ያዘ። ላባቸው ሳሳ፤ አንዱ የሌላውን ጅራት እየነጨ ይውጥ ጀመር። በሚዛን ቀን ሁሉንም አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። አንዷም አላነሣችም።

“ጉልበት ሞልቷቸዋል፤ የጎደላቸው ፈቃደኝነት ነው” አሉ አቶ ጥጋቡ።

በዚያ ዓመት ልጄ ያለምወርቅ ለልሳኑ ታጭታ ነበር። ልሳኑ ቅርጫት ሠሪ ነው፤ ቄቦቹ የሚመዘኑበትን ቅርጫት የሚሠራው እሱ ነው። “ምንም አይደለም፣ አንድ ዓመት ምን አላት!” ብሎ አዲስ ቅርጫት ጀመረ።

በሁለተኛው ዓመት በቆሎ ተከለከለ። ፋጉሎ ጠዋት፣ ደም ቀትር፣ ባቄላ ማታ። ጫጩቶቹ ውኃ መጠጣት ጀመሩ፤ ሲጠጡ ውለው ሲጠጡ ያመሻሉ። የበረቱ ወለል ረጠበ፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ላባቸው አማረ፤ ሲይዟቸው ግን ከላባው ሥር ያለው አጥንት ብቻ ነው።

በረቱን የሚጠርጉት እትዬ ስንዱ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። መጥረጊያቸውን ተደግፈው እያዩ፣

“እንዲህ ነው እንጂ፤ ማገዶ የከለከሉት ሰው ምን ያደርጋል? የቤቱን ማገር እየነቀለ ይሞቃል” አሉኝ።

“ምን ማለትዎ ነው እትዬ?”

“ፋጉሎው ሥጋ ይሆን ነበረ። ጉልበት የሚሆን ሌላ ነገር ሲያጡ እሱኑ አነደዱት። ጭሱን ነው የምጠርገው።”

ያን ዓመትም አንዷም አላነሣችም። አቶ አጥናፉ ሪፖርታቸው ላይ “ግንባታው ተጠናቋል፤ ርክክብ ይቀራል” ብለው ጻፉ።

አሁን ነገሩ ከበደ። ሠላሳ ጥንዶች ተራ ይጠብቃሉ። የአንዱ ሙሽራ የሠርግ ልብስ ጠበበውና እህል ተሸካሚ ታናሽ ወንድሙ ለሥራ ለበሰው። አንዷ አማት ከወደፊት ምራቷ ጋር ሠርግ ሳይኖር ተጣልተው፣ ሠርግ ሳይኖር ታረቁ። ምክር ቤቱ ሦስት ቀን መከረና መፍትሔ አመጣ። በረቱ መሀል አጥር ይታጠር፤ ግማሾቹ ጫጩቶች በቆሎ ብቻ፣ ግማሾቹ ፋጉሎ ብቻ ይብሉ። የበቆሎዎቹ እግር ላይ ቢጫ ክር፣ የፋጉሎዎቹ እግር ላይ ቀይ ክር ታሰረ። ጸሐፊው ደምሮ ለሁለት አካፈለና “በአማካይ እያንዳንዱ ጫጩት የተመጣጠነ ምግብ አግኝቷል” የሚል ወረቀት በረቱ በር ላይ ለጠፈ። ሕዝቡ አንብቦ ደስ አለው። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጫጩቶቹ ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ቀትር ላይ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣና አጥሩን ጣለው።

እትዬ ስንዱ እዚያው ነበሩ። አጥሩን ማንሣት ወይም ሹሞቹን መጥራት ሥራቸው ነው። አላነሡም፤ አልጠሩም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዩ። ቢጫዎቹ እንደ ጉድ ወደ ፋጉሎው ተንደረደሩ፤ ቀዮቹ በቆሎው ላይ ተረባረቡ። በልተው በልተው ሲያበቁ ደግሞ ወደየመጡበት እየተመለሱ ከሁለቱም ቀመሱ። ከዚያ በረቱ ውስጥ በሁለት ዓመት ያልተሰማ ነገር ሆነ፤ ጫጩቶቹ ዝም ብለው ተኙ።

ሹሞቹ ሲደርሱ አብዛኞቹ ወደየበኩላቸው ተመልሰዋል። አሥራ ሁለቱ ግን ክራቸው ከማይፈቅድላቸው ወገን ተኝተው ተገኙ። ጉባኤ ተጠራ። አቶ ጥጋቡ “ፋጉሎ የበላ ጫጩት የእኔ አይደለም” አሉ። አቶ አጥናፉ “በቆሎ የበላም የእኔ አይደለም” አሉ። የማንም ያልሆነ ጫጩት ደግሞ መዝገብ ላይ ሊኖር አይችልም። አሥራ ሁለቱ ድንበር በመጣስ ከመዝገብ ተሰረዙ። ቀጥሎ አንድ ችግር መጣ፤ መዝገብ ላይ የሌለ ጫጩት በረት ውስጥ ሊገኝ አይችልም። እትዬ ስንዱ ጠርገው እንዲያወጧቸው ታዘዙ።

እሳቸውም በነጠላቸው ሰብስበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዘበኛው በር ላይ “ምን ይዘዋል?” ቢላቸው “ምንም” አሉት። መዝገቡን አገላብጦ አየ፤ እውነትም ምንም አልነበረም። አሳለፋቸው።

ወራቱ አለፈ። የሚዛን ቀን ሲቃረብ በበረቱ ያሉት አንደኞቹ ክብ፣ ሌሎቹ ሰበዝ እንደሆኑ ሁሉም ያያል። ተራ ጠባቂዎቹ አርባ አንድ ደርሰዋል። ምክር ቤቱ አስጠራኝ።

ሊቀመንበሩ “አቶ ንጋቱ፣ ጉዳዩን በጥልቀት አጥንተነዋል። ጥፋቱ የጫጩቶቹ አይደለም። ድንጋዩ በዕድሜ ብዛት ከብዷል” አሉኝ።

“ድንጋይ ይከብዳል እንዴ ጌታዬ?”

“ሰው ሲያረጅ አይከብድም? ወደ ቀድሞ ክብደቱ ይመልሱት። በጥንቃቄ፣ ዙሪያውን።”

መሮና መዶሻ ሰጡኝ። እውነቱን ልናገር፤ ስወጣ ልቤ ቀሎት ነበር። የልጄ ጓደኞች ከሌላ ከተማ አግብተው ልጅ ታቅፈው ሲመጡ ያለምወርቅ ልጆቹን እየተቀበለች ስታጫውት ሦስት ዓመት አይቻለሁ። ከድንጋዩ ላይ ትንሽ ቢላጥ ማን ይጎዳል?

ከጓሮዬ ጥላ ሥር ተቀምጬ መሮውን እንደደገንኩ ያለምወርቅ ከኋላዬ መጣች።

“ምን እየሠራህ ነው አባዬ?”

“ድንጋዩ ከብዷል ተባለ።”

“ማን ላይ?”

ፊት ለፊቴ መጥታ ቁጢጥ አለች።

“ልትልጠው ነው?”

“ለአንቺ ብዬ ነው ልጄ። ለአርባ አንዱም። ማንም አያውቅም።”

“አንተ ታውቃለህ። እኔም ይኸው አወቅሁ። ልሳኑን ደግሞ መዋሸት አልችልበትም፤ ፊቴን ሲያይ ይገባዋል። ነገ ከነገ ወዲያ ትንሽ በተጣላን ቁጥር፣ ‘ድሮም በተላጠ ድንጋይ የተጋባን ሰዎች’ ልንባባል ነው?”

“ታዲያ ስንት ዓመት ልትጠብቂ ነው?”

“አላውቅም” አለች። “መጠበቁ ሰልችቶኛል አባዬ። በጣም ሰልችቶኛል። ግን እንዲህ አይሁን።”

ተነሥታ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት። መሮውን ጓሮው ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩትና ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ወጣሁ። እግሬ የወሰደኝ እትዬ ስንዱ ቤት ነው።

ግቢያቸው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ወጣት አውራ ዶሮ ነው፤ አጥር ላይ ወጥቶ ለመጮህ ሲሞክር ድምፁ ይሰነጠቃል። ደረቱ ሰፊ፣ ላባው የሚያበራ። እግሩ ላይ ቢጫ ክር ጠብቦት ሊበጠስ ደርሷል። ከሥሩ ቄቦችና ሌሎች አውራዎች እበቱን እየጫሩ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት።

“እነዚህ እነዚያ ናቸው?”

“የትኞቹ?” አሉ እትዬ ስንዱ። “እዚህ ምንም የለም። ተቀመጥ።”

ግድግዳው ሥር ሁለት የተሰነጠቁ የእንጨት ገበታዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአንዱ ክክ በቆሎ፣ በሌላው ፋጉሎ አለ። ሁለቱንም ከሁለቱ ቤቶች ደጃፍ ሲጠርጉ የሚደፋውን ሰብስበው ነው።

“በምን ልክ ነው የሚሰጧቸው?”

“እኔ ልክ አላውቅም። የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ትንንሽ እያሉ ወደ ፋጉሎው ነበር የሚሮጡት። ላባ ሲያወጡ ደግሞ ጭራሽ ጨረሱት። አሁን ከፍ ከፍ ሲሉ በቆሎውን ያበዛሉ፤ ፋጉሎውን እንደ ጨው ቀመስ ነው። ዝናብ የመታቸው ቀን በቆሎውን ነው የሚፈልጉ፤ ለብርዱ። ምስጥ ያገኙ ቀን ደግሞ ፋጉሎውን ዞር ብለውም አያዩት። ቤተ መንግሥት ካለ ዶሮ ጋር አታስተያያቸው፤ የአገር ዶሮ ናቸው፤ ብዙ አይሹም። ሁለቱን እንዳያጡ ብቻ።”

“እትዬ፣ ይህን ለሹሞቹ ለምን አልነገሯቸውም?”

“ማን ጠየቀኝ?” አሉኝ። ተቆጥተው አይደለም፤ እውነታቸውን ነው።

በሚዛን ቀን ጠዋት ከምክር ቤቱ አንድ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ላኩልኝ። አነሣሁት፤ እንደ ቡሽ ይቀላል፤ ከቀለሙ ሥር ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። መሮው እንደጠፋብኝ ሰምተው ኖሯል። እኔ ግን አሮጌውን ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁና ሕዝብ ባለበት ሰቀልኩት።

“አቶ ንጋቱ፣ ድንጋይ ተሳስተዋል” አሉ አቶ ጥጋቡ ቀስ ብለው።

“አልተሳሳትኩም ጌታዬ።”

ከበረቱ የመጡት ቄቦች አንድ በአንድ ወጡ። አላነሣችም። አላነሣችም። አላነሣችም። በየመሀሉ የአንዲት ሙሽራ እናት ስታለቅስ ይሰማል። ሃያኛዋ ላይ ስደርስ የአንዱ ሙሽራ አባት “ለምን ነጩን አትሰቅልም?” ብሎ ጮኸ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ድንጋይ የሚያነሣ እጅም አየሁ፤ ለሚዛን እንዳልሆነ ገባኝ። ይኼኔ ልሳኑ ከመካከላቸው ወጣና ከጎኔ ቆመ።

እትዬ ስንዱ ቅርጫት ተሸክመው ሕዝቡን እየከፈሉ መጡ። “እስኪ ይህችን” አሉ።

አስቀመጥኳት። ሚዛኑ ትንሽ ወላወለ። ከዚያ የቄቧ ጎን ዝቅ አለ፤ ዝቅ ብሎም ቀረ።

“አነሣች!” አልኩ።

እልልታው ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ ስለነበር እንዴት እንደነበረ አልገልጸውም። ሹሞቹ ግን እግሯ ላይ ያለውን ቀይ ክር አይተዋል። አቶ አጥናፉ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ።

“ይህች ቄብ በሕግ ከመዝገብ የተሰረዘች ናት። ይህች ቄብ የለችም!”

“ጌታዬ” አልኩ፣ “ከሌለች ሚዛኑን ማን አጎነበሰው?”

ምክር ቤቱ እዚያው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆምን። ቄቧ ቅርጫቷ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ተነሥተው ውሳኔውን አነበቡ፦ “ቄቧ የለችም። ክብደቷ ግን አለ። ሕጉ የሚጠይቀው ክብደት ስለሆነ በክብደቷ ማግባት ይቻላል።”

ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ አውራዎች ናቸው፤ ሰባቱ ቄቦች። ሰባቱም አነሡ። ሰባት ሠርግ ማለት ነው፤ ጠባቂዎቹ ግን አርባ አንድ ናቸው፤ ልጄ በዝርዝሩ አሥራ ዘጠነኛ ነበረች። እትዬ ስንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “የመጀመሪያዋን ለያለምወርቅ ስጣት፤ ዶሮዋ የእኔ ናት፣ ማን ይናገረኛል?” አሉኝ። ልጄን አየኋት። ከልሳኑ ጎን ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ዝርዝሩን ገለጥኩና ከሁሉ ቀድማ የታጨችውን የሸማኔውን ልጅ ስም ጠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ስም የለም።

በማግስቱ ከሥራዬ ተሰናበትኩ። ደብዳቤው “ከመመዘኑ በፊት የሚከብደውን የሚያውቅ መዛኝ ገለልተኛ ሊሆን አይችልም” ይላል። ሁለቱ ሹሞች ሽልማት አገኙ፤ አንደኛው በቆሎው ስለሠራ፣ ሁለተኛው ፋጉሎው ስለሠራ። እትዬ ስንዱን ምክር ቤቱ ጠርቶ ምስጢሩን እንዲያስረዱ ጠየቃቸው። “ሁለት ገበታ አስቀምጡና ዞር በሉላቸው” አሉ። ጸሐፊው “ይቀጥሉ” አላቸው። “በቃ” አሉ። ከዚህ ተነሥቶ ሰማንያ አራት ገጽ መመሪያ ተጻፈ። ጠዋት ጠዋት አጥሩን የሚያፈርስ፣ ማታ ማታ መልሶ የሚያጥር ሦስተኛ ቤትም ተቋቋመ። አጥር ከሌለ ምኑን ያፈርሳል? ቢሆንም ቀን ቀን አጥሩ ፈርሶ ይውላል፤ ጫጩቶቹም የሚበሉት ቀን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ደረሱ። አዲሱ መዛኝ ደስ የሚል ድምፅ አለው፤ ሠላሳ አራት ጊዜ “አነሣች!” አለ፤ አንዱ ለእኔ ልጅ ነበር።

ያለምወርቅ ከቤቴ ስትወጣ ቄቧን እንደታቀፈች ነበር። ከኋላ ዘፋኞች፣ ከፊት ልሳኑና ሚዜዎቹ፣ ከጎን ለክብር የተጠሩት ሁለቱ ሹማምንት ከነካባቸው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቄቧ ከክንዷ ተስፈንጥራ ወረደች። ሚዜዎቹ ሊይዟት ተንደረደሩ፤ ያለምወርቅ “ተዉአት!” አለች። ቄቧ ከደጃፉ ጥቂት እህል ለቀመች። ከዚያ ግድግዳው ሥር ወዳለው የበሰበሰ ግንድ ሄዳ ትጭር ጀመር። ዘፈኑ ቆመ። ፀሐዩ መሀል አናት ላይ ነበር፤ አቶ ጥጋቡ ላብ በላብ ሆኑ፣ አቶ አጥናፉ ውኃ አስመጡ። አንዲት አክስቴ “ኧረ ሰዓቱ ሄደ!” ብትልም አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ምስጥ ለቀመች፤ ወደ እህሉ ተመለሰች፤ ደግሞ ወደ ምስጡ ሄደች። የከተማው ሰው በሙሉ፣ ሹሙም ሙሽራውም፣ እስክትጠግብ ቆሞ ጠበቃት።